ከ1955ቱ የዲዝኒላንድ መጫወቻዎች ዛሬ የትኞቹን ማየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ «በክረምቱ ከእናቴ፣ ከዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄና ከአምስት ዓመት ሴት ልጄ ጋር ከቨርጂኒያ ወደ ካሊፎርኒያ ለመሄድ አስበናል። ወንዱ ልጄ ዲዝኒላንድ ሲከፈት የነበሩትን መጫወቻዎች ለይቶ ማየት ይፈልጋል። የማገኛቸው ዝርዝሮች ግን አይስማሙም፤ አንዱ ዱምቦንና ማተርሆርንን ይጨምራል፣ ሌላው ያስወጣል። የተከፈተበትን ዓመትም አንዱ 1947፣ ሌላው 1955 ይለዋል። ፍሎሪዳ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ‹ያው አንድ ነው፣ እዚሁ ኑ› ይሉናል። የመጀመሪያዎቹ እነማን ናቸው? ከድሮው የቀረ ነገርስ አላቸው ወይስ ስማቸው ብቻ ነው የቀረው?»

ምላሽ፦

በዓመቱ ላይ ስሕተት የለም። ዲዝኒላንድ የተከፈተው እሑድ ጁላይ 17 ቀን 1955 ሲሆን፣ ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘመዶችዎ ምክር ግን ለልጅዎ ፍላጎት አይሆንም። የፍሎሪዳው ፓርክ የተከፈተው በኦክቶበር 1971፣ የፓርኮቹ መሥራች ዋልት ዲዝኒ ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። እዚያ ተመሳሳይ ስም የያዙት መጫወቻዎች ለዚያ ፓርክ እንደ አዲስ የተሠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዛሬ የሉም። የሚስተር ቶድ መጫወቻ፣ ለምሳሌ፣ በፍሎሪዳ በ1998 ተዘግቶ ቀርቷል፣ በካሊፎርኒያ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹን ለማየት መሄድ ያለባችሁ አናሃይም ወደሚገኘው ፓርክ ነው።

ዝርዝሮቹ የማይስማሙት ፓርኩ ሥራው ተጠናቅቆ በአንድ ቀን ስላልተከፈተ ነው። ጁላይ 17 ለተጋበዙ እንግዶችና ለጋዜጠኞች የተዘጋጀ፣ በኤቢሲ ቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ የምረቃ ዕለት ነበር፤ ከፍሎ የሚገባው ሕዝብ የገባው በማግስቱ ነው። በምረቃው ዕለት ለካሜራ የታዩ ነገር ግን ገና ያልተፈተሹ መጫወቻዎችም ነበሩ። ኬሲ ጁኒየር የተባለችው ትንሿ የሰርከስ ባቡር ለሕዝብ በመደበኛነት የተከፈተችው በጁላይ 31 ነው። ወደ ጨረቃ የሚያጓጉዘው የሮኬት ትርኢት በጁላይ 22፣ የሚበርሩ ዝሆኖች መጫወቻ የሆነው ዱምቦ ደግሞ በኦገስት 16 ተከተሉ። ስለዚህ ዱምቦ የመጀመሪያው ዓመት መጫወቻ ነው እንጂ የመጀመሪያው ቀን መጫወቻ አይደለም። ማተርሆርን ግን ከሁለቱም አይደለም፤ የተከፈተው በጁን 1959፣ ከፓርኩ ምረቃ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ ዝርዝሮች ሲኒማ ቤቱንና የጎልደን ሆርስሹን የመድረክ ትርኢት ከመጫወቻዎቹ ጋር አብረው ስለሚቆጥሩ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ተሳፍረው የሚሄዱባቸውን ብቻ የሚቆጥሩት ደግሞ ዝቅ ያደርጉታል።

ይህ ሁሉ መዝረክረክ የመጣው ከጥድፊያው ነው። በ160 ኤከር የብርቱካን እርሻ ላይ፣ ማለትም በ65 ሄክታር ገደማ መሬት፣ ግንባታው የተጀመረው በጁላይ 1954 ሲሆን ያለቀው፣ አልቋል ከተባለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ወጪው ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። የገንዘቡን ከፊል ያገኙት ከኤቢሲ ጋር ተዋውለው ነበር፤ ጣቢያው ብድር ዋስትና ሰጥቶ የፓርኩን አንድ ሦስተኛ ያህል ድርሻ ሲወስድ፣ ዲዝኒ በምላሹ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አዘጋጀለት። ስርጭቱ ቀን ተቆርጦለት ስለነበር ምረቃውን ማራዘም አልተቻለም። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለነበሩም የመጸዳጃ ቤቶቹንና የመጠጥ ውኃ ቧንቧዎቹን ሁሉ ለዕለቱ ማድረስ ስላልተቻለ፣ ዋልት ዲዝኒ መጸዳጃውን አስቀደመ። ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ፣ በሐሰተኛ ቲኬት የገባው ሰው ከተጋባዡ ጋር ተደምሮ ወደ 28,000 ሲደርስ፣ ትኩሱ አስፋልት የሴቶቹን ተረከዝ ሲይዝ፣ ጋዜጦች ፓርኩን ቢያብጠለጥሉት አይገርምም። ሆኖም በሰባት ሳምንት ውስጥ አንድ ሚሊዮንኛው ጎብኚ ገባ። ጥድፊያውን ማወቅ የሚጠቅምዎ አንድ ነገር ለመረዳት ነው፦ በ1955 የተከፈቱት አብዛኞቹ መጫወቻዎች በዚያ ዕለት የነበራቸው መልክ ዲዝኒ ራሱ የፈለገው መልክ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ሳያቋርጡ የተለወጡትም ስለዚህ ነው።

ሌላም መታረም ያለበት ግምት አለ። ልጆች «የመጀመሪያዎቹ መጫወቻዎች» ሲባል ትልልቅ ሮለር ኮስተሮችን፣ ማለትም በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል በፍጥነት የሚሄዱትን፣ ያስባሉ፤ በ1955 ግን ፓርኩ ውስጥ አንድም ሮለር ኮስተር አልነበረም። ዲዝኒ በዘመኑ የነበሩትን ጫጫታና ቆሻሻ የበዛባቸው የመዝናኛ ሜዳዎች አይወድም ነበር፤ ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ የሚሳፈርበትን ነገር ነው የፈለገው። የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር ያው የ1959ኙ ማተርሆርን ነው፤ እሱም በቱቦ ብረት ሐዲድ ላይ በመሄድ ከዓለም የመጀመሪያው ስለሆነ በሌላ ምክንያት «የመጀመሪያ» መባሉ ተገቢ ነው። ልጅዎ ፍጥነትን የሚጠብቅ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ በምረቃው ዕለት ከነበሩት ውስጥ ሆድ የሚያናውጥ ነገር ቢኖር የሚሽከረከሩት የሻይ ስኒዎች ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። አንድን መጫወቻ «የመጀመሪያ ነው» ከማለት በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፦ መቼ ተከፈተ፣ ዛሬስ ያኔ በነበረበት ቦታ ነው ወይ፣ ዛሬ የምንሳፈርበት አካሉ ያኔ የነበረው ነው ወይ። ሦስቱንም የሚያሟላ በጣም ጥቂት ነው። በብዙዎቹ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱ ይጎድላሉ፣ የጎደለውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

የንጉሥ አርተር ካሩሰል፣ ማለትም በክብ የሚሽከረከሩ ፈረሶች ያሉት መጫወቻ፣ ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ መጫወቻ ከፓርኩ ከራሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ የተሠራው በ1922 በፊላደልፊያው የዴንትዘል ድርጅት ሲሆን፣ ዲዝኒ እስኪገዛው ድረስ በካናዳ ቶሮንቶ፣ ሰኒሳይድ በተባለ የሐይቅ ዳርቻ መዝናኛ ያገለግል ነበር። ፈረሶቹ በእጅ የተቀረጹ እንጨት ናቸው። ዲዝኒ ሁሉም እንስሳ ፈረስ፣ ሁሉም ፈረስ ዘላይ እንዲሆን ስለፈለገ ሌሎቹ እንስሳት ተነሥተው ከሌሎች ካሩሰሎች በመጡ ፈረሶች ተተኩ፤ እግራቸው መሬት የቆመውም እንዲዘሉ ሆነው ተስተካከሉ። በመጀመሪያ የተለያየ ቀለም ነበራቸው፤ ጎብኚው ሁሉ ነጩን ስለሚሻማ በኋላ ሁሉም ነጭ ተቀቡ። በ1983 ፋንታሲላንድ የተባለው፣ የተረት መጫወቻዎቹ የሚገኙበት የፓርኩ ክፍል ሲታደስ ካሩሰሉ ከነበረበት ወደ ኋላ ተስቧል። እንግዲህ ቀኑ የመጀመሪያው ነው፣ አካሉ ከመጀመሪያውም የቀደመ ነው፣ ቦታው ግን ተለውጧል።

የፒተር ፓን፣ የሚስተር ቶድና የስኖው ዋይት መጫወቻዎች ነገር በተቃራኒው ነው። ሦስቱም በየሕንፃቸው ጨለማ ውስጥ ተሳፋሪውን በትንሽ ተሽከርካሪ እያዞሩ ታሪክ የሚያሳዩ ናቸው። በጨለማ ውስጥ በሐዲድ የሚሄድ መጫወቻ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የታወቀ ስለነበር ዲዝኒ አልፈጠረውም፤ እሱ የጨመረው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ቀለም የተቀቡ ትዕይንቶችንና አንድ ወጥ ታሪክን ነው። የፒተር ፓን መርከቦች ደግሞ ሐዲዳቸው ከላይ ሆኖ ተንጠልጥለው በመሄዳቸው ያኔ አዲስ ነገር ነበሩ። በ1955 ሦስቱም መጫወቻዎች ተሳፋሪው ራሱ የታሪኩ ጀግና እንዲሆን ታስበው የተሠሩ ነበሩ፤ በስኖው ዋይት መጫወቻ ውስጥ ስኖው ዋይት አትታይም ነበር፣ ምክንያቱም ተሳፋሪዋ እርስዎ ኖት። ሐሳቡ ብልህነት ነበረበት፣ ግን አብዛኛው ሰው አልገባውም፤ ልጅቷ የት እንዳለች የሚጠይቀው በዛ። በ1983ቱ እድሳት ጀግኖቹ ተጨመሩ፣ ውስጡ እንደ አዲስ ተሠራ፣ በገንዘብ እጥረት ምክንያት የውድድር ድንኳን በመሰለ ቀለል ያለ ግድግዳ የተሸፈነው ውጫዊ ገጽታም በአውሮፓ መንደር መልክ ተተካ። የስኖው ዋይቱ በ2021 እንደገና ተለውጦ ከበፊቱ ረጋ ያለ ሆኗል። ስለዚህ ዛሬ በእነዚህ ሦስቱ ውስጥ የምታዩት በአብዛኛው የ1983 እና የዚያ ወዲህ ሥራ ነው፤ የ1955 የሆነው ሐሳቡ፣ አጠቃላይ መንገዱና የሚገኙበት አካባቢ ነው። ለወላጅ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ የሚስተር ቶድ ጉዞ የሚያበቃው ገሃነም ውስጥ ነው፤ ቀይ ብርሃን፣ ሙቀትና ቀንዳም አጋንንት አሉበት። ለአምስት ዓመቷ ልጅም ለአያትየዋም ድንገት ባይሆንባቸው ይሻላል።

የሻይ ስኒዎቹ ከምረቃው ዕለት የነበሩ ናቸው፤ በ1983 ቦታ ቀይረዋል። ስለ እነሱ ብዙ የሚባል የለም።

የቦዮቹ ጀልባዎች ግን ይጠቀሳሉ። በ1955 «የዓለም የቦይ ጀልባዎች» በሚል ስም ተከፍተው፣ በሁለቱ ዳርቻ ምንም የሚታይ ነገር አልነበራቸውም፤ ጭቃና አረም ብቻ ነበር። ዲዝኒ የአትክልት ባለሙያውን ለአረሞቹ የላቲን ስማቸውን የያዘ ምልክት እንዲተክልላቸው አዘዘ እየተባለ ይነገራል፤ ሞተሮቹም ቶሎ ቶሎ ይግሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተዘግተው በ1956 በትንንሽ ሞዴል ቤቶችና መንደሮች ተከብበው ዛሬ በሚታወቁበት መልክ ተከፈቱ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ዝርዝር አላስገባቸውም፤ ቦዩ ያው ነው፣ መጫወቻው ግን ሌላ ነው።

የጫካው የጀልባ ጉዞ፣ ጀንግል ክሩዝ፣ ከሁሉም በላይ ማብራሪያ የሚሻ ነው። ዲዝኒ በዳርቻው እውነተኛ እንስሳት ሊያኖር አስቦ ነበር፤ እንስሳት ቀን ቀን ተኝተው ወይም ተደብቀው እንደሚውሉ ሲነገረው በሜካኒካል አሻንጉሊቶች ተካቸው። ጀልባዎቹ በውኃ ውስጥ በተሠራ መሪ ሐዲድ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ካፒቴኑ መሪውን ቢያዞርም አቅጣጫ አይለውጥም። አትክልተኛው ቢል ኤቫንስ በአጭር ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለማስመሰል ተነቅለው ሊጣሉ የነበሩ ዛፎችን ሥራቸው ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጦ እስከ መትከል ደርሷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የካፒቴኑ ንግግር እንደ ትምህርታዊ ፊልም ቁም ነገር የበዛበት ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው ቀልድ የመጣው በ1962 የዝሆኖቹ መታጠቢያ ከተጨመረ በኋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች አንዷ «የናይል ልዕልት» ተብላ ተሰይማለች፤ ከዓባይ ውኃ ለሚጋራ ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ፈገግ የማያሰኘው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአፍሪካና የሌሎች አገሮች ሰዎች በዚህ መጫወቻ የሚታዩት ጦር እንደያዙ አረመኔዎችና የሰው ራስ እንደሚነግዱ ሆነው ነበር። ይህ በ2021 ተወግዷል። በዕድሜ የገፉ ጎብኚዎች «የድሮው ይሻል ነበር» ሲሉ ብትሰሙ፣ ከድሮው ውስጥ ይህም እንደነበረ ልጅዎ ቢያውቅ እመርጣለሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ለውጡ ትክክል ነበር፣ ዘግይቷልም ባይ ነኝ።

ማርክ ትዌይን የተባለው በኋላው ጎማ የሚቀዘፍ መርከብ በርዝመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። እንፋሎቱ እውነተኛ ነው፤ ማሞቂያው ውኃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ጎማውን ያዞራል። መሪው ግን እዚህም የይስሙላ ነው፣ ከሥሩ ሐዲድ አለ። ወንዙ መጀመሪያ ሲሞላ ውኃው በአሸዋማው አፈር ሰርጎ ስለጠፋ፣ ሥሩን በሸክላ አፈር መለበጥ ግድ ሆኖ ነበር። በምረቃው ዕለት ከመጠን በላይ ሰው ስለተጫነበት ውኃው ወደ መርከቡ ወለል መድረሱ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ የተሳፋሪ ቁጥር ተወሰነ። ወንዙ በ2017 በአጠገቡ ለሚገነባ አዲስ ክፍል ሲባል ስላጠረ፣ የዛሬው ዙር ከ1955ቱ አጭር ነው።

ባቡሩ ለልጅዎ ጥያቄ ከሁሉም የተሻለው መልስ ነው። ዲዝኒ በግቢው ውስጥ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር የሠራ ባቡር ወዳድ ነበር፤ ፓርኩን ሲያስብ መጀመሪያ ካሰበው ውስጥ በዙሪያው የሚሽከረከር ሐዲድ ይገኝበታል። ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 ሎኮሞቲቮች፣ ሲ. ኬ. ሆሊደይ እና ኢ. ፒ. ሪፕሊ፣ ለፓርኩ ተብለው በዲዝኒ የራሱ ሠራተኞች የተሠሩ፣ በምረቃው ዕለት የሠሩና ዛሬም የሚሠሩ ናቸው። መንገዱ በ2017 በከፊል ቢለወጥም ባቡሩ አሁንም ፓርኩን ይዞራል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቁጥር 3 ሎኮሞቲቭ የተሠራው በ1894 በመሆኑ በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣል፣ ወደ ፓርኩ የመጣው ግን በ1958 ነው። «አሮጌውን ባቡር» ብለው ቢጠይቁ ወደዚህኛው ሊመሯችሁ ይችላሉ፤ የምትፈልጉት ቁጥር 1 ወይም 2ን ነው። ቁጥሩ በሎኮሞቲቩ ላይ ተጽፏል፣ ጣቢያው ላይ ያለ ሠራተኛም ዕለቱን የትኛው እንደሚሠራ ይነግራችኋል።

ልጆች የሚነዷቸው የአውቶፒያ መኪኖችም ከምረቃው ዕለት ናቸው፤ ከነገው ዓለም ክፍል፣ ማለትም ከቱሞሮውላንድ፣ የመጀመሪያ መጫወቻዎች የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በ1955 በመንገዱ መሐል መሪ ሐዲድ ስላልነበረ ልጆቹ መኪኖቹን እያጋጩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው። ሐዲዱ የተጨመረው በ1960ዎቹ ነው፤ መኪኖቹም ደጋግመው ተለውጠዋል። የቀረው ስሙና ሐሳቡ ነው። ልጅዎ ቁመቱ 137 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ ብቻውን መንዳት ስለማይፈቀድለት አብራችሁት ትሳፈራላችሁ። ኩባንያው የቤንዚን ሞተሮቹን እንደሚያስቀር በ2024 ስላስታወቀ፣ ለዚሁ ሥራ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

የጠፉትን ለመፈለግ ጊዜ አታጥፉ። የፈረስ ሠረገላውም የበቅሎ ጉዞውም የሉም፤ ሠረገላው ፈረሶቹ እየደነበሩ ስላስቸገሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀርቷል፣ በቅሎዎቹ እስከ 1973 ቆይተዋል። በዋናው ጎዳና በፈረስ የሚጎተተው የሐዲድ ጋሪ ግን ከምረቃው ዕለት ጀምሮ የነበረ ስለሆነ፣ የሚሠራበት ሰዓት ካጋጠማችሁ ተሳፈሩበት።

ምክሬ ይህ ነው። ልጅዎ አንድ ዝርዝር ብቻ ይያዝ፤ በዝርዝሩ ላይ ባቡሩ፣ የጎዳናው የፈረስ ጋሪ፣ ካሩሰሉ፣ ፒተር ፓን፣ ሚስተር ቶድ፣ ስኖው ዋይት፣ የሻይ ስኒዎቹ፣ ጀንግል ክሩዝ፣ ማርክ ትዌይንና አውቶፒያ ይኑሩ። ኬሲ ጁኒየርንና ዱምቦን ለእህቱ ሲባል ቢሳፈሩባቸውም «የመጀመሪያው ወር» ብሎ ለብቻ ይጻፋቸው። በር እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ፒተር ፓን ሂዱ፤ በየጉዞው የሚይዘው ሰው ጥቂት ስለሆነ ሰልፉ ቀኑን ሙሉ አይቀንስም፣ ከረፈደ በኋላ ሁለት ልጅ ይዞ እዚያ መቆም ትርፍ የለውም። የቀሩትን የፋንታሲላንድ መጫወቻዎች አከታትላችሁ ጨርሱና ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ባቡሩና ወደ ማርክ ትዌይን ዙሩ፤ ሁለቱም ጥላና መቀመጫ ስላላቸው ለእናትዎም ይመቻሉ። እናትዎ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ከሆነ ፒተር ፓን ላይ ተነሥተው በእግራቸው መሳፈር ግድ ይሆንባቸዋል፤ ይህ ካልተቻላቸው ካሩሰሉ ላይ ፈረስ ሳይወጡ የሚቀመጡበት ወንበር አለ። የሻይ ስኒዎቹን ለልጆቹ ተዉላቸው፣ ያውም ከምሳ በፊት።

እነዚህ ያረጁ መጫወቻዎች ለጥገና ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ አንዳንዴም ለወራት። የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የፓርኩን የጥገና መርሐ ግብር ተመልከቱ፤ በመረጣችሁት ሳምንት ባቡሩ የሚዘጋ ሆኖ ካገኛችሁት ቀኑን ለውጡ፣ ሌላው ከተዘጋ ግን መለወጥ አያስፈልግም።